በሩ እስኪገጥም

ውሃ ጠጥተው፣ ሽንታቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች በተደረደሩበት ኮሪደር ቀልድ አይወራም። እዚያ ሰው የምታስቅ ሴት ጠላት ናት። አንዷ ልታስነጥስ አፍንጫዋን ስትይዝ ሌሎቹ ሁሉ በልባቸው ይጸልዩላታል። አንዷ ጭኗን በጭኗ ላይ አጣብቃለች፣ ሌላዋ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ደፋሯ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች የፊተኛይቱን ሴት በሆዷ ትረግማለች። ሁሉም የሚያዩት አንድ በር ነው። ከበሩ ጀርባ ያለችውን ሐኪም በስሟ የሚጠራት የለም። ከአፏ የማይጠፋው ትእዛዝ እሱ ስለሆነ፣ «ጠጪ፣ ያዢ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

ትእዛዙ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። አልትራሳውንድ የሴትን ሆድ አሻግሮ የሚያየው በሞላ ፊኛ በኩል ነው፤ ግቢን በመስኮት እንደማየት ማለት ነው። መስኮቱ ካልሞላ ማህፀኑም፣ ግራና ቀኝ ያሉት እንቁላል ማምረቻዎችም በአንጀት ይሸፈናሉ።

ያን ቀን ጠዋት ከወረፋው ጫፍ ላይ እታታ ተቀምጣ ነበር። እንደ ሌሎቹ አትቁነጠነጥም። ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ነው የተቀመጠችው። ሆዷ ግን ቀሚሷን ወጥሮታል። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ «ተመቻት» አሉ፤ ቀጥለው «በዚህ ዕድሜዋ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። ልጇ ነው አባብሎም ተቆጥቶም ያመጣት። ረጅሙ፣ ጣቶቹ ላይ የእንጨት ዱቄት የማይጠፋው አናጢ ከጎኗ ቆሟል፤ ዓይኑን ከበሩ ላይ ለማንሳት እየታገለ።

ያንን በር የሠራው እሱ ነው። አሮጌው በር ብርሃን እያስገባ ስክሪኗን ሲያደበዝዝባት ሐኪሟ «አናጢ ይጠራልኝ» ብላ ነበር። የመጣው ሰው አዲሱን በር ከሰቀለ በኋላ መብራቱን አጠፋና፣ ጨለማው ውስጥ መዳፉን በመቃኑ ላይ ቀስ እያደረገ ብርሃን የሚያፈስ ቀዳዳ መፈለግ ጀመረ። እሷም ውስጥ ነበረች። ትንፋሹ ይሰማታል፣ ፊቱ አይታያትም።

«ምን ያህል ትቆያለህ?» አለችው፣ እንደ ልማዷ ቆጣ ብላ።

«እስኪገጥም» አላት።

ከዚያ በኋላ «በሩ ይጮኻል» እያለች ስንት ጊዜ አስጠራችው። በሩ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም። እሱም ያውቃል፤ ግን ዘይቱን ይዞ ይመጣ ነበር።

ፍቅራቸው ሥር ከሰደደ በኋላ አንድ ቀን የእናቱን ፎቶ በስልኩ አሳያት። ሐኪሟ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ሴትየዋ እታታ ናት። በሐኪሟ አባት ቤት ስታበስል፣ ስታጥብ፣ ስትተኩስ የኖረች፣ እሷን አዝላ ያሳደገች፣ «ሚጣ» ብላ ስም ያወጣችላት እታታ። ሐኪሟ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። እታታ ስትሰማ ግን ፊቷን ጣለች።

«ከዓለም ሴት ሁሉ የእትዬን ልጅ?» አለች። እትዬ የምትላት የሐኪሟን እናት ነው፤ የቤቱን እመቤት፣ ነፍሷን ይማርና። «አይሆንም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።»

ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዘጋችው፤ ነገሩ ሁሉ በዚያው እንደተዘጋ ሆዷ ማበጥ ጀመረ።

ተራዋ ደርሶ ገባች። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ የሚያበራው ስክሪኑ ብቻ። ሐኪሟ ስንት ጊዜ ያሰበችበት ሰላምታ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ተጣመመባት።

«እንደምን አደሩ? እዚህ ይተኙ።»

እታታ ጫማዋን እያወለቀች ቀና አለች። «አጥቤ፣ አበጥሬ፣ አፍንጫ ጠርጌ አሳድጌሽ ዛሬ እርስዎ ሆንኩ። ደግ። እሺ ዶክተር፣ እተኛለሁ።»

ሐኪሟ ጄሉን በመዳፏ ይዛ አሞቀችው፤ ለማንም አታደርገውም። «ትንሽ ይቀዘቅዛል።»

«በሰው ቤት ቀዝቃዛ ውሃ ሳጥብ ያረጀሁ ነኝ፤ ይኸ ምኔን ይነካኛል?»

መዳሰሻውን ሆዷ ላይ አሳረፈችው። አልትራሳውንድ ላይ ውሃ ጥቁር ነው። ስክሪኑን የሞላው ጥቁር ሐይቅ ነበር፤ ሰፊ፣ ጠርዙ ልስልስ ያለ፣ ልክ መሃል ላይ ፊኛ በሚገኝበት ቦታ የተኛ። እንዲህ የሞላ ፊኛ አይታ አታውቅም። ከዚያ የማን ሆድ እንደሆነ አስታወሰችና ፈገግ አለች።

ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ መኪና ማቆሚያ ብላ የጓሮውን ሽንት ቤት አስፈርሳ ነበር። የቤት ውስጡ የቤተሰብና የእንግዳ ነው። ከዚያ ወዲህ እታታ ጠዋት መጥታ ማታ እስክትሄድ ወደ ሽንት ቤት ስትል ያያት የለም፤ ልታጥበው ካልሆነ በቀር። አንድ ቀን ሚጣ ጠየቀቻት፦ «እታታ፣ አንቺ ሽንት የለሽም?» እታታም ሽንኩርቱን እየላጠች ሳቀች። «ግመል ነኝ እኮ፣ የኔ እመቤት። ግመል ውሃዋን ትይዛለች።» ሚጣ ይህን እንደ ተአምር ለክፍል ጓደኞቿ አወራች።

«እታታ» አለች ሐኪሟ፣ ሳታስበው ወደ ድሮ አጠራሯ ተመልሳ፣ «ከልክ በላይ ሞልቶ ከኋላው ያለውን ከለለብኝ። ወጣ በይና ሽንትሽን ቀነስ አድርገሽ ነይ።»

«ሸንቼ ነው የገባሁት።»

«መቼ?»

«ቅድም። አላስችል አለኝ፣ ነርሷን የት ነው ብዬ ጠየቅሁና ሄድኩ።» ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች። ሐኪሟ ስክሪኑን ስታይ ያችን ኩራት አልሰማቻትም።

«እስቲ ደግመሽ ሂጂልኝ።»

እታታ ተነሳች፤ ሄደች፤ ተመልሳ ተኛች። ሐይቁ ጠብታ አልጎደለም።

«እታታ» አለች ሐኪሟ እየሳቀች፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ በፍቅር፤ ክፋቱም በፍቅር መሆኑ ነው። «እኔ እኮ አውቅሻለሁ። እዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ሽንት ቤቱ የሁሉም ነው። ሲስተር፣ አብረሻት ሂጂና በሩ ላይ ቁሚላት።»

ነርሷ ተነሳች። እታታ ግን አልተነሳችም። ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ቁጭ አለችና ሆዷ ላይ ያለውን ጄል በሻርፗ ጠረገች፤ ወረቀቱን ነርሷ ስትዘረጋላት አልተቀበለችም።

«በአባትሽ ቤት» አለች፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የመሳቢያው ሁሉ ቁልፍ እኔ ወገብ ላይ ነበር። እናትሽ ማንኪያ ቆጥራብኝ አታውቅም። አንቺ ተምረሽ ተምረሽ ለሽንቴ ዘበኛ አቆምሽብኝ።»

«እታታ፣ እኔ እንደዚያ ማለቴ…»

«ግድ የለም። ልጄን የከለከልኩት ለዚህ ነው።»

በሩ ተከፈተ፤ የኮሪደሩ ብርሃን ገባ። አናጢው እናቱን አየ፤ የተንሻፈፈ ሻርፕ፣ እርጥብ ቀሚስ። ከዚያ ሐኪሟን አየ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ቢኖር በቻለችው፤ የነበረው ጥያቄ ነው። መልስ ሳይጠብቅ እናቱን ደግፎ ሄደ። እሱ የገጠመው በር ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው ሲዘጋ፣ ምነው በጮኸ ብላ ተመኘች።

*

ወረፋው ግን አይጠብቅም። ቀጥላ የገባችው ተማሪ ነበረች፤ አየቻት፣ «በይ አሁን ሽኚና ነይ፣ ባዶውንም ልየው» አለቻት፤ ልጅቷ በሩጫ ሄዳ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ስክሪኑ ላይ ያ ሁሉ ውሃ የለም። ፊኛዋ እንደ ባዶ ከረጢት ተጨማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከአጥንቱ ጀርባ ተጣጥፏል። ሁልጊዜ የምታየው ነው፤ በቀን ስንቴ ታየዋለች። ያን ጊዜ ግን እጇ ቆመ።

ልጅቷን ሸኘች። በሩን ዘጋች። ከእታታ ሆድ ያስቀረቻቸውን ምስሎች አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ሐይቁ አለ። ከሐይቁ ታች፣ ጠርዝ ላይ፣ በጥድፊያ ያለፈችው ትንሽ ነገር አለ፤ ተጨማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከአጥንቱ ጀርባ የተጣጠፈ። ባዶ ከረጢት።

ሄዳ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሄዳ ነበር። ሐይቁ ሽንት አይደለም።

ሐኪሟ መብራት ሳታበራ ቁጭ አለች። ፊኛ የሚያክል፣ ከፊኛ የሚበልጥ፣ ከአንዱ እንቁላል ማምረቻ ላይ ተነስቶ መሃሉን የያዘ ውሃ የቋጠረ ዕጢ። ሲስት ይሉታል። የዋህ ሊሆን ይችላል። ክፉም ሊሆን ይችላል፤ በእታታ ዕድሜ ደግሞ ክፉውን ማሰብ ግድ ነው። የሚለየው ግድግዳውን በማየት፣ ውስጡ ክፍልፋይ ወይም እብጠት እንዳለው በመፈለግ ነው። እሷ አንዱንም አልፈለገችም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሳለ ያየችው ሽንኩርት እየላጠች የምትስቀውን ግመል ነበር። ሌላ ታካሚ «ሄጃለሁ» ብትላት አምናት «እንግዲያስ ይኸ ምንድን ነው?» ትል ነበር። የምታውቃትን ሴት ግን አላመነችም፤ አውቃታለሁ ብላ።

ደወለችለት። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳ።

«እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች» አለ። «ያንቺን ስም እንዳልጠራ ብላኛለች።»

«መምጣት አለብኝ።»

«ምን አየሽባት?»

«ለእሷ ነው የምነግራት።»

 ከስልኩ ወዲያ ይሰማ የነበረው መጋዝ ቆመ። «እኔ ልጇ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ሆዱ ግን የእሷ ነው። አንድ ጊዜ ሳላምናት ቀርቻለሁ፤ ደግሞ ከጀርባዋ አልናገርም።»

ብዙ ጊዜ ምላሰ ጦር እየተባለች የምትታማ ሴት ናት። ያን ቃል ስትለው ግን ድምጿ ሊሰበር ምንም አልቀረውም፤ እሱም ሰማው።

«በሩ ክፍት ነው» አለ በመጨረሻ። «ነይ ብዬ አልጠራሽም፤ ግን አልዘጋም።»

*

እታታ ተኝታ አልነበረችም። ኩሩ ሰው እንግዳ ሲመጣ ተኝቶ አይገኝም። የሰው ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትተኩሳለች፤ የጡረታ ዕድሜዋን የምትገፋው በዚሁ ነው። ክፍሏ አንድ ናት፤ አልጋው በአንሶላ ተጋርዷል፣ መስኮቱ ላይ በጣሳ የተተከለ አበባ አለ፣ ወንበሮቹን ሁሉ ልጇ ሠርቷቸዋል። ቁጭ በይ አላለቻትም። ሐኪሟም አልተቀመጠችም።

«ልክ ነበርሽ» አለች። «ሁለቱንም ጊዜ ሄደሻል።»

ካውያው አልቆመም። «አስመሰከርሽ?»

«ፎቶው መሰከረ።»

«ጎሽ። እንግዲህ ሽንቴም ጠበቃ አገኘ።»

«እታታ፣ እየሳቅኩ አይደለም።»

«እኔም።» ኮሌታውን ገለበጠችው። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ሽንት ቤት ስጠይቅ እግሬ ተንቀጠቀጠ። በዚህ ዕድሜዬ። የትልቅ ሰው ሕንፃ ገብቼ ‹ሽንት ቤቱ የት ነው?› ብዬ አላውቅማ። ነርሷ ‹በቀኝ በኩል፣ እናቴ› አለችኝ፤ ሄድኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ይህን ልነግርሽ ነበር። ስገባ ልነግርሽ ነበር።»

ሐኪሟ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እናትሽ ክፉ አልነበረችም» አለች እታታ። «አልከለከለችኝም። ጋራዡን ስታሠራ የኔ ነገር መፍረሱን ረሳች፤ በቃ። ሁላችሁም ረሳችሁ። መከልከል ይሻላል፤ የከለከለሽ ሰው ቢያንስ አስቦሻል። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ መጠየቅ ሞት መሰለኝ። ኩራት። ስታድጊ አይቻለሁ፣ ያንቺም ኩራት ከኔ የተጋባብሽ ነው።» ካውያውን ቀና አድርጋ አቆመችው። «ልጄ በዚያ ቤት ሳሎን ተቀምጦ ሽንቱን ይዞ እንዲኖር አልፈልግም። አማች ሆኖም። ሰው አማች ሆኖ ሽንቱን ይይዛል፤ አታውቂም አንቺ።»

ከውጭ አናጢው የጠረበውን እንጨት ሲያስቀምጥ ተሰማ። አልገባም።

«አሁን ምን አገኘሽብኝ? ንገሪኝ። ለሱ ነግረሻል?»

«ማንም አልሰማም። አንቺ መጀመሪያ ነሽ።» ሐኪሟ ቀረብ አለች። «እንቁላል ማምረቻሽ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ አለ። ትልቅ ነው፤ ሆድሽን የነፋው እሱ ነው።»

«ካንሰር ነው?»

«አላውቅም። የማላውቀው ደግሞ ማየት ሲገባኝ ስላላየሁ ነው። ሌላ ሐኪም እንዲያይሽ ላደርግ እችላለሁ፤ ጎበዝ ሰው አለ።»

እታታ ሸሚዙን አጣጠፈች፤ ክንዶቹን ወደ ኋላ፣ ደረቱን ወደ ላይ፣ እንደ ድሮው። 

«ያላመነኝ ዓይን እሱው ይየኝ» አለች። «ክፉም ከሆነ ክፉ ነው በይኝ። አታጣፍጪልኝ። ደግሞ እርስዎ ብትዪኝ ተነስቼ ነው የምሄደው።»

ሐኪሟ ስትወጣ አናጢው በሩ ላይ ነበር። ደረጃውን አብሯት ወረደ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ፤ ብርሃን የሚያፈስ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ያህል ቀስ ብሎ።

*

በማግስቱ እታታ እንደ ደንቡ ውሃ ጠጥታ መጣች። በዚህ ጊዜ ጄሉ ሲሞቅላት ነገር አልወረወረችም። ስክሪኑ ሲበራ ሐኪሟ ወደ እሷ አዞረችው።

«እይ እስቲ። ሁለት ሐይቅ ነው። በመሃላቸው ቀጭን ግድግዳ ይታይሻል? ይኸኛው ፊኛሽ ነው፤ አውቀሽ የምትይዢው። ይኸኛው ደግሞ ሳታውቂ የያዝሽው።»

እታታ አንገቷን አቅንታ አየች። «የኔ ይበልጣል።»

«ይበልጣል።»

 ሐኪሟ ጠርዙን ይዛ ዞረች፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ሻካራ ቦታ የለውም። ውስጡ ክፍልፋይ የለውም። ከግድግዳው ወደ ውስጥ የበቀለ እብጠት ፈለገች፤ አጣች፤ እንደገና ፈለገች፤ ፈጽሞ የለም። የደም ዝውውሩን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫነች። ክፉ ዕጢ ቢሆን ሐይቁ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ሊንቦገቦግ ይችል ነበር። ጨለማው ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሌላኛውንም እንቁላል ማምረቻ አገኘችው፤ ትንሽ፣ ጡረታ የወጣ፣ ሰላማዊ።

ያን ሁሉ ጊዜ እታታ ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነበር የምታየው። የስክሪኑ ብርሃን የሚጣን ፊት አብርቶታል፤ ከንፈሯን በጥርሷ ይዛለች፤ በልጅነቷ ፊደል ስትጽፍ እንደምታደርገው።

«ክፉ አይመስልም» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «አይመስልም ነው ያልኩት። መውጣት አለበት፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው።»

«ቃል ማመን ጀመርሽ ማለት ነው።»

ሐኪሟ ልትስቅ ብላ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ለቅሶ ነበር። መዳሰሻውን እንደያዘች ግንባሯን እታታ ትከሻ ላይ ደፋች። እታታም ጄል የነካው እጇን ከፍ አድርጋ ፀጉሯን ዳበሰችው።

«ተይ፣ ሚጣ» አለች። «ሽንቴ መጥቷል። የምሬን ነው ዛሬ።»

*

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። የወጣው ነገር ሐብሐብ ያክል ነበር፤ ላቦራቶሪውም አይቶ ካንሰር አይደለም አለ። መልሱ የመጣ ቀን አናጢውና ሐኪሟ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሱ አግዳሚውን እያየ «ይኸን የሠራው ሰው እንጨት አይወድም» አለ፣ እሷም «አንተ ከሰው ሁሉ ሥራ እንከን አታጣም» አለችው፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። እታታ ለጎረቤቶቿ «ወንድም ሴትም አይደለም፣ ውሃ ነው» ብላ ነገረቻቸው፤ አፋቸውን ይዘው የነበሩት ሁሉ ሾርባ ይዘው መጡ።

ስለ ጋብቻው ግን አንድም ቃል አልተናገረችም። ጠንክራ መሄድ ስትጀምር፣ «ዳኛውን ልጠይቃቸው» ብቻ አለች።

ዳኛው የሐኪሟ አባት ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸው ከሞተች ወዲህ በትልቁ ቤት ብቻቸውን የቀሩ። ልጃቸው ሁሉን ነግራቸዋለች። ሲሰሙ ጋራዡ ፊት ለፊት ሄደው ቆመው ተመለሱ።

በተባለው ቀን የፊት ለፊቱን በር ራሳቸው ከፈቱት። እታታ ለዘመናት የገባችው በጓሮ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቀሚሱ ሆዷ ላይ ልክ ነው።

«ይግቡ» አሏት ዳኛው። ሁልጊዜ አንቺ ነበር የሚሏት።

ገባች። በእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጫፉ ላይ ሳይሆን ተደግፋ። ሐኪሟ ሻይ አቀረበች። ስለ አየሩ ተነጋገሩ፤ ስለ ዳኛው ጉልበት ተነጋገሩ፤ ስለ እትዬ ሲነሳ እታታ «ደግ ሰው ነበረች፣ ትረሳ ነበር እንጂ» አለች፣ ዳኛውም አንገታቸውን ደፍተው «ሁላችንም ረስተናል» አሉ። ሻዩን ጠጣችው። ጨመሩላት፤ ያንንም ጠጣችው። ደግመው ጨመሩላት። አናጢው ጉልበቱን እያሻሸ እናቱን ያያል። ሐኪሟ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አጥብቃ ይዛለች፤ ያ ሁሉ ሻይ ለምን እንደሚጠጣ እሷና እታታ ብቻ ያውቃሉ።

እታታ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ሽንት ቤታችሁ የት ነው?» አለች።

የሽንት ቤቱን ግድግዳ እያንዳንዷን ሸክላ በእጇ አጥባታለች። ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ በላይ ታውቀዋለች። ዳኛው «እንዴ፣ እርስዎ አያ…» ሊሉ ጀምረው አቋረጡት። ገባቸው። ከዘራቸውን ሳይፈልጉ ተነሱ።

«በዚህ በኩል ነው» አሉ። «ላሳይዎት።»

እፊቷ ቀድመው ሄዱ፤ መብራቱን አበሩላት፤ ተመልሰው ተቀመጡ።  ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ቧንቧ ሲከፈት ተሰማ፤ ሳይቸኩል ሲፈስ ቆየ። ሐኪሟ አናጢውን አየችው፤ ዓይኖቹ እርጥብ ናቸው፣ ግን አላበሳቸውም።

እታታ ወጣች። እጇን በነጩ ፎጣ ታደርቃለች፤ ለእንግዳ ብላ ስታጥብና ስትተኩስ በኖረችው ፎጣ። ቦታዋ ደርሳ ሳትቀመጥ ወደ ልጇ ዞረች።

«በሩ አይገጥምም» አለችው። «ድሮም አይገጥምም ነበር፤ ስወለውለው አየው ነበር እንጂ ከውስጥ ሆኜ ዘግቼው አላውቅም። አንተ አናጢ አይደለህ? መቼስ እዚህ ቤት መመላለስህ የማይቀር ከሆነ እሱን አስተካክልልኝ።»

አናጢው ከወንበሩ ተነሳ። አንገቱን ነቀነቀ።

«ጊዜ ይወስድ ይሆን?» አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸውን ጠርገው።

አናጢው ሐኪሟን አያት። ያን ጊዜ በጨለማ ፊቱ ያልታየው ሰው አሁን በመስኮቱ ብርሃን ሙሉ ፊቱ ይታያል።

«እስኪገጥም» አለ።

 እታታ ተደላድላ ተቀመጠችና ስኒዋን ዘረጋች።

«ሚጣ» አለች፣ «እስቲ ሻይ ድገሚኝ። ሞላ አድርጊው።»

ሚጣም ቀዳችላት፤ ስኒው እስኪያፈስ ድረስ።